«ፍርድ ቤቱ ‹አያገባኝም› አለ፣ ቢሮውም አልሰማኝም»፦ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ለምን የለንም?

ጥያቄው የመጣው ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ከአባቴ በወረስኩት ቤት ላይ የተሰጠኝን ካርታ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በደብዳቤ ሰረዘው። ምክንያቱ ‹በተደረገው ማጣራት መሠረት› ከማለት አያልፍም። ፍርድ ቤት ከሰስኩ። ‹ጉዳዩ አስተዳደራዊ ስለሆነ በፍርድ ቤት የሚታይ አይደለም› ተብሎ መዝገቡ ተዘጋ። ቅሬታ ሰሚ ጋ ስሄድ ከፊቴ የተቀመጡት የሰረዘብኝ ሰው አለቃ ናቸው። ፈረንሳይ የሚኖር ዘመዳችን ‹እዚህ ከመንግሥት ጋር ለሚደረግ ክርክር ብቻ የቆመ ፍርድ ቤት አለ› ይለኛል። እኛ ጋ ለምን የለም? ድሮስ ኖሮ ያውቃል?»

እህቴ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም። በሕገ መንግሥት ደረጃ ተጽፎ ያውቃል፤ በ1923 ዓ.ም.። ሥራ ላይ ሲውል ግን አልታየም። ዛሬ ደግሞ ጨርሶ የለም ብዬ አልዋሽዎትም። አለ። ግን ተበታትኖ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ጓሮ ነው ያለው። የእርስዎ ችግር የፍርድ ቤት እጥረት አይመስለኝም። ዳኛው የተከሳሹ ግቢ ውስጥ መቀመጡ ነው። እዚህ እንዴት እንደደረስን ግን ወሬው ረዘም ይላል። የሚጀምረውም እዚያው እርስዎ ከተማ ነው።

አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ከቆረቆሩ በኋላ ከተማዋ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የመንግሥት መቀመጫ ሆና ኖራለች። መንግሥት ባለበት አቤት ባይ አይጠፋም። በ1760ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር የቆየው ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጀምስ ብሩስ ያየውን ጽፏል። ከግቢው በር ላይ ከንጋት እስከ ምሽት «ጃን ሆይ! ጃን ሆይ!» የሚል የተበዳይ ጩኸት አይቋረጥም ነበር። ክረምት ገብቶ ባለጉዳይ ሲቀንስ ደግሞ «ተበደልኩ፣ ተገፋሁ» እያሉ እንዲጮኹ የሚከፈላቸው ሰዎች ይመጡ ነበር ይላል። ግቢው ጭር ብሎ ንጉሡ ብቸኝነት እንዳይሰማቸው፣ ለክብራቸው ሲባል።

ብሩስ ያጋንናል እያሉ ያሙት ብዙ ናቸው። ይችን ግን አምነዋለሁ። አቤቱታ መስማት የሥልጣን ጌጥ ሲሆን መፍትሔ መስጠት ወደ ኋላ ይቀራል። በየቢሮው ኮሪደር የተሰቀለውን፣ ቁልፉ የት እንዳለ ማንም የማያውቀውን የአስተያየት ሣጥን ባየሁ ቁጥር እነዚያ ቅጥረኛ ጯኺዎች ትዝ ይሉኛል።

ችሎቱ ላይ ግን ዛሬ ብንወርሰው የምመኘው ሥርዓት ነበር። ፍርድ ሲሰጥ አስቀድሞ የሚናገረው ከዳኞቹ ዝቅተኛው ነው። ቀጥሎ ከእሱ የሚበልጠው፣ እንዲህ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። የንጉሡ ቃል የሚሰማው መጨረሻ ላይ ነው። ታናሹ የታላቁን ፊት አይቶ አይፈርድም። የዘመናችንን ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ደግሞ እርስዎም አይተውታል። ሰብሳቢው «እኔ እንደሚገባኝ ከሆነ…» ብሎ ይከፍታል። ሌሎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ቃለ ጉባኤው ይፈረማል። ሻይ ይጠጣል።

የጎንደር ሊቃውንት የሚያመሰጥሩት፣ ዳኞቹም የሚጠቅሱት ሕግ ፍትሐ ነገሥት ነበር። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ግብፅ ውስጥ በዐረብኛ ተሰናድቶ በኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ማለት ነው። መጽሐፉ ንጉሥ በቅን እንዲፈርድ ያዛል። ንጉሥን ግን ማን ይክሰሰው? «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ተረት ሕጉን ከማንም መምህር አሳምሮ ይነግርዎታል። ሹም ቢበድልዎ ከሹሙ በላይ ላለው ሹም አቤት ይላሉ። ከዚያም በላይ ላለው። ሁሉም ወደ ላይ ነው። ከሹሞቹ መሰላል ውጭ የቆመ፣ ሹምና ባላገርን እኩል አቁሞ የሚያይ ዳኛ አልነበረም። ቅሬታ ሰሚው አለቃው ራሱ የሆነው ዛሬ አይደለም፤ የቆየ ልማድ ነው።

ከዚያ ቶሎ ቶሎ ልለፍ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ ፍርዱን ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ ሰጡ። በዚያው ዓመት ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው የክሎቡኮውስኪ ውል ደግሞ የውጭ ዜጎችን ከኢትዮጵያውያን ጋር የሚያከራክር የተለየ ችሎት እንዲኖር በር ከፈተ። በ1914 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ላይ «ልዩ ፍርድ ቤት» ቆመ። ዘመናዊ በምንለው መልክ ለአንድ ዓይነት ክርክር ተብሎ የቆመው ቀደምት ፍርድ ቤታችን እንግዲህ ፈረንጅ የሚስተናገድበት ነበር። ለአገሬው ሰው ያው ደጅ ጥናቱ ቀጠለ።

አሁን ወደ 1923 ዓ.ም. እንምጣ። በሐምሌ ወር የወጣው የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት በበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ተረቅቆ፣ ብዙውን ከጃፓን የሜጂ ሕገ መንግሥት የወሰደ ነው። አንቀጽ 54 የሚያወራው ስለ እርስዎ ጉዳይ ነው ማለት ይቻላል። የአስተዳደርን ነገር የሚመለከቱ ክርክሮች ከሌሎች ፍርድ ቤቶች ሥልጣን ወጥተው በልዩ ፍርድ ቤት ይታያሉ ይላል። ሐሳቡ እንዳለ የጃፓን ነው። ጃፓኖች ይህን ፍርድ ቤት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1890 አቁመው እስከ 1947 ሠርተውበታል። እኛ አንቀጹን ጻፍን፣ ፍርድ ቤቱን ሳናቋቁም አራት ዓመት እንዳለፈ ጣሊያን ገባ።

ከድል በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም.፣ ፍርድ ቤቶች እንደ አዲስ በአዋጅ ተደራጁ። ከላይ ጠቅላይ ንጉሠ ነገሥት ፍርድ ቤት፣ ቀጥሎ ከፍተኛው፣ ከዚያ የጠቅላይ ግዛቱና የአውራጃው። የአስተዳደር ፍርድ ቤቱን ግን ያነሳው የለም። ለአስተዳደር ክርክር የተለየ መሰላል ያለመኖሩ ነገር እስከ ዛሬ ቀጥሏል።

የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ትልቅ ነገር ሠራ። አንቀጽ 62 በግዛቱ የሚኖር ማንም ሰው በመንግሥት ወይም በሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ጥፋት ከባድ ጉዳት ከደረሰበት በፍርድ ቤት መክሰስ ይችላል አለ። በተረት ያልተፈቀደው በሕግ ተፈቀደ። ግን እዚያው አንቀጽ ውስጥ ጅራት አለው። ክሱ በተንኮል ወይም ያለ መሠረት የቀረበ ሆኖ ከተገኘ መንግሥት ከሳሹን መልሶ ይከሳል። እስቲ ያን ጊዜ የነበረ የደንቢያ ገበሬ ይሁኑና ይህን ያንብቡ። ይከሳሉ?

ከዚያ በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጉ መጣ። አርቃቂው ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ከአንቀጽ 3131 እስከ 3306 ድረስ «የአስተዳደር ውሎች» የሚል ሰፊ ክፍል አስገቡ። የመንግሥት ባለሥልጣን ጥፋት ስለሚያስከትለው ኃላፊነትም ከአንቀጽ 2126 ጀምሮ ጻፉ። የአስተዳደር ውሎቹ ክፍል የፈረንሳይ የአስተዳደር ሕግ ልጅ ነው። ያ ሕግ በአገሩ የተወለደውና ያደገው ግን በተለየ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ውስጥ ነው። እኛ ሕጉን አስመጣን፤ ፍርድ ቤቱን አላመጣንም። በሬውን ገዝቶ ቀንበሩን ገበያ ላይ ረስቶት የመጣ ገበሬ ሆንን። ጠዋት የነፍስ ግድያ፣ ከሰዓት የፍቺ መዝገብ የሚያየው ዳኛችን ነው በመካከሉ የመንግሥት ግንባታ ውልን በፈረንሳይ ፍልስፍና እንዲፈታ የሚጠበቅበት።

ዘመድዎ ፈረንሳይን ስላነሱ እዚያ ላይ ትንሽ ልቆይ። የዛሬውን ስናይ ሁሌም እንዲህ የነበረ ይመስለናል። የፈረንሳይ አብዮተኞች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1790 ያወጡት ሕግ ዳኞች በአስተዳደር ሥራ እጃቸውን እንዳያስገቡ በግልጽ ከለከለ። እርስዎን «አስተዳደራዊ ነው» ብሎ የመለሰዎት ዳኛ ሳያውቀው የእነሱን ቋንቋ ነው የሚናገረው። ታዲያ የተበደለ ሰው የት ይሂድ? ሚኒስትሩ ጋ! ራሱ ሚኒስትሩ ነበር የመጀመሪያው ዳኛ። ናፖሊዮን በ1799 ያቋቋመው የመንግሥት ምክር ቤት (ኮንሴይ ዴታ) አቤቱታውን ያይ ነበር፤ ለብዙ ዘመን ግን ሐሳብ አቅራቢ እንጂ በራሱ ስም ፈራጅ አልነበረም። ያን ሥልጣን የጨበጠው በ1872 ነው።

ነገሩ የተቋጨው በ1889 በአንድ መሐንዲስ ጉዳይ ነው። ሰውየው የማርሴይ ከተማ የመንገድና የውኃ ሥራ ኃላፊ ነበር። ከተማው መደቡን ሰረዘው። ካሣ ጠየቀ፣ ከለከሉት። መደበኛ ፍርድ ቤት ሄደ፤ «የእኛ ጉዳይ አይደለም»። የአውራጃው የአስተዳደር ጉባኤ ጋ ሄደ፤ «የእኛም አይደለም»። የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ጋ ሄደ፤ «አልቀበልም»። እህቴ፣ ይህን ሳነብ የእርስዎን ደብዳቤ ያነበብኩ ነው የመሰለኝ። በመጨረሻ ምክር ቤቱ መዝገቡን ተቀበለ። ከዚያ ወዲያ ሚኒስትሩ ጋ ሳይሄዱ ቀጥታ መክሰስ የሚቻል ሆነ። ከ1790 ብንቆጥር አንድ መቶ ዓመት ሊሞላ ምን ቀረው? በየክፍለ ሀገሩ ያሉት የዛሬዎቹ የአስተዳደር ፍርድ ቤቶች የተደራጁት ደግሞ በ1953 ነው። ዘመድዎ የሚያደንቁት ፍርድ ቤት በአንድ አዋጅ የበቀለ አይደለም።

ወደ አገራችን እንመለስ። በደርግ ዘመን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ የከተማ ቦታና ቤት ክርክርን ከመደበኛው ፍርድ ቤት አውጥቶ ለቀበሌ ፍርድ ሸንጎ ሰጠው። ለሕዝብ ቅርብ ነው ተባለ። ቅርብስ ቅርብ ነበር። ሸንጎው ያለው ግን ቤቱን ከሚያስተዳድረው ከዚያው ቀበሌ ነው። ከዚያም ከፍ ብሎ ልዩ የጦር ፍርድ ቤት ነበር፤ «ልዩ ፍርድ ቤት» ሲባል እስከ ዛሬ ሰው የሚደነግጠው በዚያ ምክንያት ነው። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 110/1987 ከአዋጅ ውጭ ተወሰደብን የሚባሉ ንብረቶችን ጉዳይ አጣርቶ እንዲወስን ለፕራይቬታይዜሽን ኤጀንሲ ሰጠ። ስንት ሰው የአባቱን ቤት ይዞ ፍርድ ቤት ሄዶ «ሥልጣን የለኝም፣ ኤጀንሲው ጋ ሂድ» ተባለ! ዳኞቻችን ስለ ቤትና ቦታ «የሥረ ነገር ሥልጣን የለኝም» ማለትን የተለማመዱት በእነዚህ ሁለት ዘመናት ነው ባይ ነኝ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ሁለት አንቀጾች ለእርስዎ ጉዳይ ዋና ናቸው። አንቀጽ 37 ማንም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት፣ ወይም በሕግ የዳኝነት ሥልጣን ለተሰጠው ሌላ አካል አቅርቦ ውሳኔ የማግኘት መብት አለው ይላል። «ወይም» የምትለዋ ቃል ናት አስተዳደሩ የራሱን ጉባኤ የሚያቋቁምባት በር። አንቀጽ 78(4) ደግሞ የዳኝነት ሥልጣንን ከመደበኛ ፍርድ ቤቶች ወይም በሕግ የመዳኘት ሥልጣን ከተሰጣቸው ተቋማት የሚነጥቅና የተደነገገውን የዳኝነት ሥርዓት የማይከተል ልዩ ወይም ጊዜያዊ ፍርድ ቤት ማቋቋምን ይከለክላል። «ሕገ መንግሥቱ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ይከለክላል» የሚሉ ጠበቆች የሚጠቅሱት ይህን ነው። እኔ አልስማማም። የተከለከለው ሥነ ሥርዓት የሌለው ችሎት ነው። በሕግ ቆሞ በሕግ የሚመራ ችሎትን የሚከለክል ቃል አላየሁበትም።

በዚያች «ወይም» በኩል የገቡት ብዙ ናቸው። የመንግሥት ሠራተኛ ከሥራ ሲሰናበት ይግባኝ የሚለው ለአስተዳደር ፍርድ ቤት ነው። ስሙ ፍርድ ቤት ይባል እንጂ ያለው በሲቪል ሰርቪሱ መሥሪያ ቤት ጥላ ሥር ነው። ግብር ሲበዛብዎ የግብር ይግባኝ ኮሚሽን አለ። እዚያ ደግሞ በ2008ቱ የፌደራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ መሠረት ይግባኝዎ እንዲቀርብልዎ ከሚከራከሩበት ግብር 50 በመቶውን አስቀድመው ይከፍላሉ። በፒያሳ አንዲት ትንሽ የባህል ልብስ ሱቅ ያላት ሴት በተጋነነ ግምት ላይ ለመከራከር የተጋነነውን ግማሽ ከየት ታምጣ? የሥራ ክርክር ሰሚ ቦርድም አለ፤ እሱ በአንጻሩ አሠሪና ሠራተኛን ስለሚያከራክርና መንግሥት ራሱ ባለጉዳይ ስላልሆነ ብዙም አልቀየመውም። ቦታ ለልማት ሲወሰድ አቤቱታ ሰሚ አካልና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ተቋቁመዋል። የሚያደራጃቸው ግን ራሱ ቦታውን የሚያስለቅቀው አስተዳደር ነው።

እንግሊዞችም በዚህ ጭቃ ውስጥ አልፈዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1957 አንድ አጣሪ ኮሚቴ በየዘርፉ የበቀሉትን ጉባኤዎች መርምሮ ግልጽነት፣ ፍትሐዊነትና ገለልተኝነት እንዲኖራቸው አሳሰበ። በ2001 የወጣው ሌላ ጥናት ያየው ደግሞ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ወደ 70 የሚጠጉ የተለያዩ ጉባኤዎች መኖራቸውን ነው። ለብዙዎቹ በጀትም ቢሮም የሚሰጣቸው ያው ውሳኔው የሚመረመርበት መሥሪያ ቤት ነበር። በ2007 ሕግ አውጥተው አብዛኞቹን ከየመሥሪያ ቤቱ አወጧቸው፣ በሁለት ደረጃ ሰበሰቧቸው፣ ከዳኝነቱ አካል ጋር አገናኟቸው። ከዚህ ሁሉ ታሪክ እኛን የሚመስለን ይህኛው ይመስለኛል። ጉባኤዎቹ አሉን። ማውጣቱ ነው የቀረን።

በእኛ በኩል ትልቁ እርምጃ የፌደራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ነው። ረቂቁ ለዓመታት ሲነሳና ሲጣል ኖሮ የጸደቀው በ2012 ዓ.ም. ነው። መሥሪያ ቤት መመሪያ ሲያወጣ ለሕዝብ አስታውቆ አስተያየት እንዲቀበል ያዛል። መመሪያው እንዲመዘገብና እንዲታተም ያስገድዳል። ቀድሞ ስንቱ በመሳቢያ መመሪያ ተቀጥቷል! ውሳኔ በጽሑፍና በምክንያት እንዲሰጥ፣ የጥቅም ግጭት ያለበት ሰው ከውሳኔው እንዲወጣ ይላል። ከሁሉ በላይ ፍርድ ቤት መመሪያንም ውሳኔንም መርምሮ እንዲሽር ሥልጣን ሰጠው። ለእርስዎ ግን አንድ መጥፎ ዜና አለው። አዋጁ የሚገዛው የፌደራል መሥሪያ ቤቶችን ነው። የእርስዎ ካርታ ያለው በከተማ መሬት አስተዳደር ነው፣ እሱም የክልል ነው። የሚገዛዎት የክልሉ ሕግና ሕገ መንግሥቱ ነው።

ታዲያ የተለየ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ይቋቋም ወይ? በሙያው ካሉ ወዳጆቼ ብዙዎቹ «ይቋቋም» ይላሉ። ክርክራቸው ቀላል አይደለም። የሊዝ ሕግ፣ የማስተር ፕላን ነገር፣ የግምት ስሌት ልምድ ይፈልጋል። ይሄ ሁሉ ለአጠቃላይ ዳኛ ይከብዳል። እኔ ግን ሰሜን ተራሮች ላይ፣ ጃናሞራ ያለውን ሰው ነው የማስበው። እንዲህ ያለ ፍርድ ቤት ቢቋቋም መቀመጫው ባህር ዳር ወይም አዲስ አበባ ነው። ከዚያ ተራራ ወርዶ ለአንድ ቀጠሮ ባህር ዳር የሚሄድ፣ «ዳኛው አልተሟላም፣ ተለዋጭ ቀጠሮ» ተብሎ የሚመለስ ሰው የቱን ያህል ይቆያል? በየከፍተኛ ፍርድ ቤቱ አንድ የሠለጠነ የአስተዳደር ችሎት ቢደራጅ፣ ጉባኤዎቹ ከየቢሮው ግቢ ወጥተው አባላቸውን ሌላ አካል ቢሾምላቸው፣ የፌደራሉን የመሰለ ሥነ ሥርዓትም ክልሎች ጋ በተግባር ቢወርድ ይበቃኛል።

አሁን ወደ እርስዎ መዝገብ። ካርታው ለምን እንደተሰረዘ በጽሑፍ ይጠይቁ። «በተደረገው ማጣራት» ምክንያት አይደለም። ማመልከቻውን መዝገብ ቤት ገቢ አድርገው፣ ቁጥርና ቀን ያለበትን ቀሪ ይያዙ። ለስምንት መሥሪያ ቤት ግልባጭ ማድረግ አያስፈልግም። ግልባጭ ማንንም ሲያስደነግጥ አላየሁም።

መልሱ መንገድዎን ይወስናል። ቦታው ለልማት ይፈለጋል ካሉ በ1161/2011 መሠረት በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው ያቅርቡ። አለቃው ቢቀመጡም ይቅረቡ፤ እዚያ ሳያልፉ ፍርድ ቤት ቢሄዱ «መጀመሪያ ያንን ጨርሺ» ነው የሚሉዎት። ቦታው የእኔ ነው የሚል ሌላ ሰው ስለመጣ ከሆነ ነገሩ የሁለት ሰዎች የንብረት ክርክር ነው፤ ዳኛ ሊሸሸው የሚችል አይመስለኝም።

ካርታው መጀመሪያውኑ ሲሰጥ ጉድለት ነበረበት ካሉ ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 1195 እና 1196 ይዘው ይሂዱ። አስተዳደሩ የማይንቀሳቀስ ንብረት የእገሌ ነው ብሎ የምስክር ወረቀት ከሰጠ ያ ሰው ባለሀብት ነው ተብሎ ይገመታል። ግምቱ የሚፈርሰው በተወሰኑ ምክንያቶች ነው፤ ለምሳሌ ወረቀቱ ከሥርዓት ውጭ ወይም ሥልጣን በሌለው አካል መሰጠቱ ከተረጋገጠ። ማስረጃ አይቶ ይህን ማረጋገጥ የዳኛ ሥራ ነው ብለው ይከራከሩ።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ ይበሉ። በላኩልኝ የክስ ቅጂ ላይ ራፖር ጸሐፊው የጻፈው የዳኝነት ጥያቄ «የተሰረዘብኝ ካርታ እንዲመለስልኝ ይታዘዝልኝ» የሚል ነው። ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር በጃንጥላ ሥር ተቀምጦ የሚጽፍ ሰው አልወቅስም፤ በብዙ አቤቱታ ላይ የሠራለትን ቃል ነው የጻፈው። ዳኛው ግን ይህን ሲያነብ የሚታየው «የቢሮውን ሥራ ሥራልኝ» የሚል ጥያቄ ነው። ካርታ መስጠት የአስተዳደር ሥራ ነው፤ ስለዚህ ይመልስዎታል። ቤቱ በእጅዎ ካለና ቢሮው ሊያስለቅቅዎ ወይም ግንባታዎን ሊያስቆም እየሞከረ ከሆነ ግን «በይዞታዬ ላይ የተፈጠረው ሁከት ይወገድልኝ» ማለት ይቻላል። ይህ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1149 ክስ ነው። ሁከቱ ከተፈጠረ ሁለት ዓመት ሳይሞላ መቅረብ አለበት። ቢሮው ሕጋዊ ሥልጣን አለኝ ብሎ ሊከላከል ይችላል፣ ይከላከላልም። ያኔ ግን የስረዛው ሕጋዊነት በመከላከያው በኩል ተከትሎ ችሎት ይገባል። ያው ቤት፣ ያው በደል፣ ሌላ ዐረፍተ ነገር።

ለጠበቃ ገንዘብ ካጠረዎት የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ክሱን እንዲያዩልዎ ይውሰዱት። የእንባ ጠባቂ ተቋምም ባህር ዳር ቅርንጫፍ አለው። እሱ የሚሰጠው ምክረ ሐሳብ ስለሆነ ቢሮውን አያስገድድም፤ ግን ምክንያቱን በጽሑፍ ለማስወጣት ይረዳል።

መዝገብዎ የተዘጋበት ትእዛዝ ደግሞ ይግባኝ የሚባልበት ነው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 323 የሚሰጥዎት 60 ቀን ነው። በላኩልኝ ቅጂ ላይ የትእዛዙ ቀን በማኅተሙ ተሸፍኗል፤ ዋናውን አውጥተው ይቁጠሩ። ካላለፈ ይግባኙን ያስገቡ። ካለፈ በማስፈቀጃ ማመልከቻ መምጣት ግድ ነው፣ ለመዘግየትዎ በቂ ምክንያት ማሳየትም ይጠበቅብዎታል። ቅሬታ ሰሚው ጋ የተመላለሱባቸውን ደብዳቤዎች በሙሉ አብረው ያያይዙ።